ስም ሲለወጥ ዕዳው የማን ነው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። ለሕፃን እንዲህ ቢባል የሚከራከር የለም። የባንክን፣ የምድር ባቡር ኩባንያን፣ የማተሚያ ቤትን ስም የሚያወጡት ግን ባለ አክሲዮኖች፣ ጠበቆችና ሚኒስትሮች ናቸው፤ የሚለውጡትም እነርሱው ናቸው። በዚህ መጣጥፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ የንግድ ድርጅት ስሙን ሲለውጥ በእርግጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ታፔላው ብቻ ነው? ወይስ ከታፔላው ጋር ዕዳውም፣ ውሉም፣ የሠራተኛው የአገልግሎት ዘመንም አብሮ ይወርዳል?

ይህ የሕግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው፣ ለኛ ምናችን ነው? የሚል አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ወደ ባንክ የሚሄደው ሰው፣ ጡረታውን የሚጠብቀው የባቡር ሠራተኛ፣ ዛሬ በሌለ ስም የታተመ ዲግሪ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ምሩቅ፣ ሁሉም ጉዳዩ ይነካቸዋል። የታሪክ ትምህርት ለምንከታተለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስሙ በተለወጠ ቁጥር መዝገቡ ይበተናል፤ የአንድ ድርጅት ታሪክ የሦስት ይመስላል፤ አንዳንዴም በተቃራኒው ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆነውን እ.ኤ.አ. እያልሁ ለይቼዋለሁ።)

ሀ. ሕጉ ምን ይላል?

ዘመናዊው የንግድ ሕጋችን የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ነበሩ፤ እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ሥራውን ተረክበው ፈጸሙት። ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት የሚናገረው ክፍል 60 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በአዲስ ተተክቷል።

በዚህ ሕግ ዐይን “ስም” አንድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የማኅበሩ ስም አለ፤ ይኸውም አክሲዮን ማኅበሩ ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነው የግል ማኅበር እንደ ሰው ሆኖ የሚከስስበትና የሚከሰስበት፣ የሚዋዋልበት ስም ነው። ሁለተኛ፣ የንግድ ስም አለ፤ ነጋዴው ሱቁን፣ ሆቴሉን ወይም ፋብሪካውን የሚያሠራበትና ደንበኛው የሚያውቀው ስም ነው። ሦስተኛ፣ በዕቃው ላይ የሚለጠፈው የንግድ ምልክት አለ። ሦስቱ አንዳንዴ አንድ ቃል ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ። አንድ ነጋዴ በታፔላው ላይ አንድ ስም ጽፎ በደረሰኙ ላይ ሌላ ስም ቢኖረው ወንጀል ሠራ ማለት አይደለም፤ አንዱ የንግድ ስሙ ሌላው የማኅበሩ ወይም የራሱ ስም ነው።

ሕጉ የንግድ ስምን የሚቆጥረው ግዙፍነት ከሌላቸው የንግድ መደብር ንብረቶች መካከል ነው። ማለት፣ አይዳሰስም፣ ግን ንብረት ነው። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ማሽኑ የሚዳሰስ ንብረት ነው፤ ስሙና ደንበኛው የማይዳሰስ ንብረት ናቸው። ስለዚህ ከሌላው ስም ጋር ተመሳስሎ ደንበኛ የሚያሳስት ስም መያዝ የሰው ንብረት እንደ መንካት ይቆጠራል።

ታዲያ ስም መለወጥ እንዴት ይደረጋል? አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ጉዳዩ ለባለ አክሲዮኖች ድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ ስሙ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ስላለ መመሥረቻ ጽሑፉ መሻሻል አለበትና። አዲሱ ስም በሌላ ያልተያዘ፣ ከሌላውም ጋር የማይምታታ መሆኑ በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይጣራል። ቃለ ጉባኤው ይረጋገጣል፤ በንግድ መዝገብ ላይ ለውጡ ይጻፋል፤ ንግድ ፈቃዱ በአዲሱ ስም ይሰጣል። ባንክ ከሆነ የብሔራዊ ባንክ ይሁንታም ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪና ድካም ነው፤ ማኅተም ማስቀረጽ፣ ደረሰኝ ማሳተም፣ ታፔላ ማስጻፍ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የተሽከርካሪ ሊብሬ፣ የቤት ካርታ ሁሉ ማስተካከል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አጥብቀን መያዝ ያለብን ነጥብ ይህ ነው። ማኅበሩ ስሙን ብቻ ሲለውጥ ማኅበሩ ያው ነው። ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ስሙን ቢያስለውጥ የአበዳሪው ገንዘብ ይቀራል እንዴ? አይቀርም። ለድርጅትም እንዲሁ ነው፤ ዕዳው ዕዳው፣ ውሉ ውሉ፣ ሠራተኛውም ሠራተኛው ሆኖ ይቀጥላል። የሠራተኛው ጥበቃ እንዲያውም ከዚህ ያልፋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ከሌላ ጋር ቢዋሐድ፣ ቢከፈል ወይም ባለቤትነቱ ቢተላለፍ እንኳ በዚህ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም።

ይህ ግልጽ ከሆነ ችግሩ ምን ላይ ነው? ችግሩ በዕለት ንግግራችን “ስሙን ለወጠ” የምንላቸው ብዙዎቹ ነገሮች የስም ለውጥ አለመሆናቸው ነው። አንዳንዱ ሞት ነው፤ አንዳንዱ ውርስ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የሞተን ሰው ስም አንሥቶ ለሌላ ልጅ ማውጣት ነው። ታሪካችንን አገላብጦ ያየ ሁሉንም ያገኛል።

ለ. የባቡሩ ስሞች

ስዊሳዊው የዐፄ ምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ለመሥራት ፈቃድ ያገኘው በ1886 ዓ.ም. ነው። ከፈረንሳዊው ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ያቆመው ኩባንያ “የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ ምድር ባቡር ኩባንያ” የሚል ስም ያዘ። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ኩባንያው የንጉሠ ነገሥቱ ነው ብሎ ይምላል። ማኅበሩ የቆመው ግን በፓሪስ ነበር፤ ገንዘቡም የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ኋላ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ሲገቡበት ፈረንሳይ ደነገጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በመስመሩ ላይ ሰፊ ሥልጣን ያዘ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ በአገራቸው ምድር ላይ፣ በእርሳቸው ማዕርግ በሚጠራ ኩባንያ በኩል፣ የውጭ መንግሥት ገባባቸውና። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ። ገንዘብ አለቀ፤ ኩባንያውም ከሰረ።

እ.ኤ.አ. በ1908 ሥራውን የወሰደው ሌላ ኩባንያ ነው፤ ስሙም “ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ምድር ባቡር ኩባንያ” ነበር። ይህ የስም ለውጥ አይደለም። የመጀመሪያው ኩባንያ ሞቷል፤ ሁለተኛው አዲስ ፈቃድ ይዞ የተወለደ ነው። በመጀመሪያው ኩባንያ አክሲዮን ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው በሁለተኛው ስም ሐዲዱ ላይ ባቡር ሲሄድ ማየቱ ብቻውን ምንም አይመልስለትም። በሌላ በኩል ሁለተኛው ስም ከመጀመሪያው ይልቅ እውነት ተናጋሪ ነበር ቢባል ስሕተት የለውም፤ ቢያንስ ፈረንሳይ እንዳለችበት በግልጽ ይናገራል። በዚህ ኩባንያ ስም ነው ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው።

ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ስሙ ውስጥ ያለችው ፈረንሳይ ቦታ አጣች። እ.ኤ.አ. በ1981 መስመሩ የሁለቱ ጎረቤት መንግሥታት ሆኖ “የጅቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር” ተባለ። አሁን በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ኩባንያ ነው። ሕዝቡ ግን እነዚህን ሁሉ ስሞች ከምንም አልቈጠራቸውም። አዲስ አበባ ላይ “ለገሃር” ይላል፤ የፈረንሳይኛውን “ላ ጋር” በአፉ አለስልሶ ያስቀረው ስም ነው። ፈረንሳይ ከኩባንያው ስም ብትፋቅም በታክሲ ረዳቶች አፍ ላይ እስከ ዛሬ አለች።

ድሬዳዋም ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ባቡሩ ሐረር ሳይወጣ ቈላ ላይ በቆመ ጊዜ ለአዲሱ ከተማ የታሰበለት ስም “አዲስ ሐረር” ነበር። ማን ሰምቶ? አገሬው በጥንት ስሙ ጠራው፤ አዲስ ሐረር ወረቀት ላይ ቀረ።

ሐ. የባንኩ ስሞች

ከባቡሩ ይልቅ የባንኩ ታሪክ ለጥያቄያችን የበለጠ ያስተምራል። አቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ያቆመው በእንግሊዞች እጅ የነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ ምኒልክ ለ50 ዓመት የሚጸና ልዩ መብት ሰጥተውት ነበር። ሌላ ባንክ አጠገቡ እንዳይቆም፣ የወረቀት ገንዘብ የሚያወጣው እርሱ ብቻ እንዲሆን ተፈቅዶለታል። ወረቀቱን ግን ነጋዴው ብዙም አላመነውም፤ ጠገራ ብሩን፣ ማርያ ትሬዛውን ነበር የሚፈልገው።

በነሐሴ 1923 ዓ.ም.፣ ሕገ መንግሥቱ በታወጀ በሁለተኛው ወር ግድም፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከግብፁ ባንክ ጋር ተስማምተው አቢሲኒያ ባንክን አስቀሩትና በምትኩ በ750,000 ፓውንድ ካፒታል የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። ሕንፃው ያው ነው፤ ሠራተኛው ያው ነው፤ ገዥው ቻርልስ ኮሊየርም ያው ናቸው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው “ባንኩ ስሙን ለወጠ” ቢል አይፈረድበትም። በሕግ ግን አንዱ ባንክ ሒሳቡ ተጣርቶ ፈርሷል፤ ሌላው በዐዋጅ ተወልዷል። ትልቁ ጉዳይ ስሙ አልነበረም፤ ባለቤቱ ነበር። ሆኖም ስሙም ዝም ብሎ አልተመረጠም። “አቢሲኒያ” ፈረንጅ የሚጠራን ስም ነበር፤ መንግሥቱ ግን በዓለም መድረክ “ኢትዮጵያ” ተብሎ እንዲጠራ ይሻ ነበርና፣ የባንኩ በር ላይ የተጻፈው ስም የፖለቲካ ቃል ነበረው።

ያ ባንክ ዕድሜው 5 ዓመት አልሞላም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያ ባንክ ተዘጋ፤ በምትኩ የኢጣልያ ባንኮች ቅርንጫፎች ተከፈቱ። ከነፃነት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ “የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ” ተመሠረተና በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እርሱም ማዕከላዊ ባንክና ንግድ ባንክ ባንድ ላይ ሆኖ 20 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1955 ዓ.ም. ዐዋጅ ለሁለት ተከፍሎ ከታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሆነ።

አሁን አንባቢ ሆይ አስተውል። ንግድ ባንክ “ንግድ ባንክ” የሚለውን ስም ያገኘው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ልደቱን የሚቆጥረው ግን ከመንግሥት ባንክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ነው። ስሙ ቢለያይም አካሉ ከዚያ የተገኘ ነውና አያስነቅፈውም። በሌላ በኩል በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲቋቋም በሕግ ከተፈቀደ በኋላ፣ በየካቲት 1988 ዓ.ም.፣ ልክ ከ90 ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ወር፣ አቢሲኒያ ባንክ የሚባል አዲስ የግል ባንክ ተመሠረተ። ይህኛው ስሙ ያው ነው፤ አካሉ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በ1898ቱ ባንክ ላይ ገንዘብ የቀረበት ሰው ዘሩ ቢኖር የ1988ቱን ባንክ መጠየቅ አይችልም። እንግዲህ አንዱ አካል አለው ስም የለውም፤ ሌላው ስም አለው አካል የለውም። የድርጅት ታሪክ እንጽፋለን የምንል ሰዎች ሁለቱን ካምታታን የአያትን ታሪክ ለጎረቤት ልጅ እናወርሳለን ማለት ነው።

መ. የ1967 ዓ.ም. ታፔላዎች

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ። ከአንድ ወር በኋላ ጥር 26 ቀን 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆኑ፤ በሌሎች 29 ውስጥም መንግሥት አብዛኛውን ድርሻ ያዘ። በዚያን ሰሞን የወረደው ታፔላ ብዛቱ ምኑ ቅጡ!

የሦስቱን ባንኮች ነገር ብንወስድ፣ አዲስ አበባ ባንክ፣ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊ አንድ ላይ ተጨፍልቀው እ.ኤ.አ. በ1976 “አዲስ ባንክ” ሆኑ። አዲስ ባንክም በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። በአዲስ አበባ ባንክ ደብተር ያወጣ ሰው አንዲት እርምጃ ሳይራመድ በ6 ዓመት ውስጥ የሦስት ባንክ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። 13ቱ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደግሞ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በሚል አንድ ስም ሥር ገቡ፤ ድርጅቱ ንብረታቸውንም ዕዳቸውንም ተረክቧል። ይህ ዕዳቸውንም የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። ዐዋጁ ንብረቱን ብቻ ወስዶ ዕዳውን ቢተው ኖሮ፣ ቤቱን ወይም መኪናውን ያስገባ ሰው በእጁ የቀረው የማይከፈልበት ወረቀት በሆነ ነበር።

በሌላ በኩል ታፔላው የወረደው የንጉሡን ስም ለማንሣት ብቻ የሆነበት አለ። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም። ቤተ መጻሕፍታችን ገብታችሁ ከ1967 በፊት የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ አንሡና የሽፋኑን ውስጥ ገጽ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ላይ “ብርሃንና ሰላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማተሚያ ቤት” የሚል ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ የታተመውን አንሡ፤ “ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት” ይላል። ከመካከል ሦስት ቃል ወጣች፤ ሁለቱ ጫፎች ተገናኙ። ማተሚያ ቤቱ ራሱ በ1914 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ የተቋቋመው ያው ማተሚያ ቤት ነው።

የዩኒቨርሲቲያችንም ነገር እንዲሁ ነው። ንግድ ድርጅት ባይሆንም ለምሳሌ ይበጀናል። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከአብዮቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ስለ ተነሣ በቀድሞው ስም የተሰጠ ዲግሪ ዋጋ አጣ የሚል የለም። ይህን ለዲግሪ የምናምን ከሆነ ለሠራተኛ የአገልግሎት ደብዳቤና ለድሀ የቁጠባ ደብተርም ማመን አለብን።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። የንጉሥ ስም ከሕዝብ ንብረት ላይ መነሣቱ ተገቢ ነበር፣ ምን ያስቈጫል? ይባላል። ስለ መነሣቱ አልከራከርም። የሕዝብ ገንዘብ የሠራውን ለአንድ ሰው ስም መታሰቢያ ማድረግ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያስቈጨው ስሙ መነሣቱ ሳይሆን ከስሙ ጋር ወረቀቱ መጣሉ ነው። ታፔላ ሲቀየር የቀድሞው ድርጅት ቃለ ጉባኤ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የባለ አክሲዮኖች ዝርዝር “የአሮጌው ነው” እየተባለ ምድር ቤት ይወረወራል። ከ30 ዓመት በኋላ አንድ አሮጊት መጥተው “ባለቤቴ እዚህ ሠርቶ ነበር” ሲሉ ማን ያግኝላቸው?

ሠ. በእንግሊዝኛ ብቻ የሚለወጥ ስም

ሁለት ቋንቋ ይዞ መኖር አንድ አስገራሚ ነገር አምጥቶብናል። አየር መንገዳችን የተቋቋመው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲሆን የእንግሊዝኛ ስሙ “ኢትዮጵያን ኤር ላይንስ” ተብሎ፣ “ኤር” እና “ላይንስ” ለየብቻ ይጻፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ድርጅቱ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ሲለወጥ ሁለቱ ቃላት ተጋጠሙና አንድ ሆኑ። ትልቅ የሕግ ለውጥ ነበር፤ በስሙ ላይ የታየው ግን የአንዲት ክፍት ቦታ መጥፋት ነው። በአማርኛ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ይህ ስም መንግሥት ሲለዋወጥ አለመለወጡም የሚገርም ነው፤ ያቆየው በየአገሩ የተፈረመው ውልና የተጓዡ እምነት ይመስለኛል።

በቅርቡ ደግሞ ኅብረት ባንክ በእንግሊዝኛ “ዩናይትድ” መባሉን ትቶ በእንግሊዝኛም “ኅብረት” ተባለ። የአማርኛ ተናጋሪው ደንበኛ ምንም አልተለወጠበትም፤ እርሱ ድሮም ኅብረት ነበር የሚለው። ከ90 ዓመት በፊት አቢሲኒያ ወደ ኢትዮጵያ ሲለወጥ እንደ ነበረው ሁሉ እዚህም የምናየው ራስን በራስ ቃል የመጥራት ፍላጎት ነው። አንዳንዶቹ ባንኮች “ኢንተርናሽናል” የሚለውን ቃል ከስማቸው አውጥተዋል፤ አዋሽ ከነዚህ አንዱ ነው። ደቡብ ግሎባል ባንክ ግን “ደቡብ”ን ጥሎ ግሎባል ባንክ ኢትዮጵያ ሆነ፤ አካባቢውን ትቶ አገርን ያዘ።

ከነዚህ ሁሉ የሚከብደው የብድርና ቁጠባ ተቋማቱ ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል የነበረው የብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት አድጎ ፀደይ ባንክ ሆነ፤ የኦሮሚያው ደግሞ ሲንቄ ባንክ ተባለ። እዚህ ስምም ፈቃድም ባንድ ጊዜ ተለወጠ። ከተቋሙ ለማዳበሪያ የተበደረው ገበሬ “እኔ ከፀደይ አልተበደርኩም” ሊል አይችልም፤ ዕዳው ተከትሎታል። ታዲያ ዕዳው እንዲህ ሳይጠፋ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ፣ ቁጠባውም፣ የሠራተኛው ዓመትም በዚያው ታማኝነት ሊከተል ይገባል። ሕጉ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው።

ረ. ሕዝብ የሚያወጣው ስም

ቴሌን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1952 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቦርድነት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባለሥልጣን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሕዝቡ በሁሉም ዘመን “ቴሌ” ነው የሚለው። ለሕዝቡ አንድ ድርጅት ነው። ለሠራተኛው ግን በ2003 የሆነው ከስም ለውጥ በላይ ነበር፤ ከቀድሞው ኮርፖሬሽን ሠራተኞች ብዙዎቹ በአዲሱ ድርጅት ውስጥ ቦታ አላገኙም። ታፔላው ላይ ሁለት ቃል ተለወጠ፤ በብዙ ቤት ግን ደመወዝ ቆመ።

መብራት ኃይልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ኃይል ያመነጫል፣ ሌላው ለደንበኛ ያዳርሳል። ቈጣሪው የተበላሸበት ሰው ግን “መብራት ኃይል ደውል” ነው የሚለው። ሁለት ስም ቢሰጡትም እርሱ የሚከፍለው አንድ ቢል ነው።

ይህ የሕዝብ ግትርነት ብቻ አይመስለኝም። ሕዝቡ በራሱ መንገድ ሕጉ የሚለውን ነው የሚለው። ስምህን ብትለውጥም ያው ነህ፤ ትናንት ያልሠራህልኝን ዛሬ ሥራልኝ፤ ትናንት ያስቀመጥሁብህን ዛሬ መልስልኝ ማለቱ ነው።

ሰ. ማጠቃለያ

እንግዲህ ከተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ መልሱ አንድ አይደለም። ድርጅቱ በጉባኤው ወስኖ በመዝገብ አስጽፎ ስሙን ብቻ ከለወጠ፣ ዕዳውም ሀብቱም የራሱ ነው። ፈርሶ በምትኩ ሌላ ከተቋቋመ፣ ያቋቋመው ዐዋጅ ወይም ውል ዕዳውን ተረክቤያለሁ ማለት አለማለቱን ማየት ያስፈልጋል፤ በመድን ድርጅት እንደ ሆነው ካለ ደግ፣ ካላለ ግን ወዮ ለባለ ወረቀቱ። የሞተ ስም አንሥቶ የተጠራ ከሆነ ደግሞ ከስሙ በስተቀር የወረሰው የለም።

ስለዚህ ከኛ የሚጠበቅ ነገር አለ። የንግድ ድርጅቶቻችን ታሪክ ገና አልተጻፈም ማለት ይቻላል። ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ሱቁ የተጻፈው ጥቂት ነው። ይህን ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ግንብ የስም ግንብ ነው፤ በአንድ ስም ፋይል ፈልጎ ያጣል፣ “የለም” ይባላል፣ ነገሩ ግን በሌላ ስም ተሰፍቶ ተቀምጧል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ በእጃችን ነው። ስሙን፣ የተለወጠበትን ቀንና ዕዳውን ማን እንደ ተረከበ እያወጡ አንድ ዝርዝር ማዘጋጀት የትልቅ ምሁር ሥራ አይደለም፤ እኛ ተማሪዎች በየዲፓርትመንታችን ተከፋፍለን በአንድ የዕረፍት ወራት ልንጀምረው እንችላለን። የዛሬዎቹ ድርጅቶችም ስማቸውን ሲለውጡ በደብዳቤያቸው ላይ “ቀድሞ እገሌ ይባል የነበረ” የምትለውን አጭር መሥመር ለጥቂት ዓመት ቢያቆዩ ምንም አይጎዱም። ለድርጅቱ የቀለም ወጪ ናት፤ ለጡረተኛው ግን ማስረጃው ናት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለሰው እውነት ነው። ለድርጅት ግን መዝገቡ አብሮ ካልዋለ ስሙ ብቻውን ቢውል ማንንም አይጠቅምም።